በፊልም ብሞት ሽማግሌ ተላከልኝ

እኔ አንድ ጊዜ ሞቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያው ጉንዳን ነክሶኝ ብድግ በማለቴ አሟሟቷ ተበላሽቷል ተብሎ እንደገና እንድሞት ተደረገ። የሞትኩት ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ካለ ጽድ ሥር ነው። መሞቱስ ባልከፋ። የከፋው ከሞትኩ በኋላ የመጣው ጣጣ ነው። እኔ መቼም ዓይን አፋር ነኝና ብዙ ጊዜ ወሬ የምጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ቶሎ እንዲያልቅልኝ። ይህን ግን ከመጀመሪያው ላውጋችሁ።

መንፈሳዊ ፊልም እወዳለሁ። ይህን ዩኒቨርሲቲ አብረውኝ ለተማሩት ልጆች ተናግሬ አላውቅም። እነሱ የውጭ ተከታታይ ሲያዩ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ የሰንበት ተማሪዎች የሠሩትን ፊልም በስልኬ እያየሁ አለቅስ ነበር። በተለይ ውርጃ ያለበትን። ደግሞ ብዙዎቹ ውርጃ አለባቸው። ከማየቴ ብዛት ሥርዓታቸውን እንደ ቅዳሴ ለምጄዋለሁ። ልጅቷ ከገጠር ወደ ከተማ ትመጣለች። ነጠላዋን ትጥላለች፤ ነጠላው ሲወድቅ እንዳለቀላት እናውቃለን። ቀጥሎ ወንድ ይመጣል፣ ቀጥሎ ወንድ ይጠፋል። ከዚያ ግድግዳው የተላላጠ ክሊኒክ፣ ማስቲካ የምታኝክ ነርስ፣ ነጎድጓድ። ሰማዩ የቱንም ያህል ጥርት ያለ ቢሆን ውርጃ ባለበት ፊልም ሳይነጎድ አይቀርም። ወዲያው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የሕፃን ድምፅ «እማዬ!» ይላል። ልጅቷም ወይ ታብዳለች፣ ወይ ትሞታለች፣ ወይ አብዳ ትሞታለች። ሌላ ዓይነት መጨረሻ አላየሁም።

ሰው ይስቅባቸዋል። እኔ ግን አከብራቸዋለሁ። አገር ምድሩ በሹክሹክታ እንኳ ማንሳት የሚፈራውን ነገር፣ ደህና ካሜራ የሌላቸው ልጆች በስልክ ቀርጸው ሕዝብ ፊት ሲያቀርቡት ቀላል ድፍረት አይደለም። ያልተወለደ ነፍስም ነፍስ ነው ብሎ ማልቀስ ደግሞ በዚህ ዘመን የሚያስቅ ነገር አይመስለኝም። እንግዲህ እንዲህ ብዬ በልቤ ማድነቅ ነበር ሥራዬ። ማድነቅ ደግሞ ደህና ሥራ ነው፤ ማንም አያይሽም።

ይበልጣል አየኝ። ይበልጣል የሰንበት ትምህርት ቤታችን የድራማ ክፍል ኃላፊ ነው፤ በሥራው ግን የፊዚክስ መምህር ነው። ማንኛውም ነገር ኃይል ካረፈበት ይንቀሳቀሳል ብሎ ያምናል። ኃይሉ እኔ ላይ አረፈ።

«አንቺ እኮ ተፈጥሮሽ ነው» አለኝ።

«ምኑ?»

«ማፈሩ። ምንም ሳትሠሪ የተጸጸትሽ ትመስያለሽ።»

ስለ መልኬ በሕይወቴ ከተነገሩኝ ነገሮች ረጅሙ ይህ ነው። ፊልሙ «የጽዋው አተላ» ይባላል፤ ወንድ አስረግዟት የሚጠፋባት፣ አስወርዳ የምትሞት ተማሪ ታሪክ ነው። ሌሎቹ እህቶች ሁሉ እምቢ ብለዋል። ፍኖተ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት፤ በፊልም ያስወረደች ልጅ በዕውን ባል ልታጣ ትችላለች። እኔ እሺ ያልኩት ከእነሱ በልጬ ደፍሬ አይደለም፤ እምቢ ለማለት ምክንያት ማስረዳት ያስፈልጋል፣ እሺ ግን አንድ ቃል ናት።

ሴቷ በአንድ ቃል ስትገኝ ወንዱ ጠፋ። ልጅቷን አስረግዞ የሚሄደውን ሰው ማን ይሁን? ከወንዶቹ ግማሹ ዲያቆናት ናቸው፤ ክህነት ይዞ ማስረገዝ በፊልምም አይሆንም። ከቀሩት አንዱ እጮኛ አለው፣ አንዱ እጮኛ እየፈለገ ነው፣ የአንዱ እናት የልብ ሕመምተኛ ናቸው። በመጨረሻ ይበልጣል መላ አመጣ። «ሰውየው አይታይም» አለ። «ጫማው ብቻ ይታያል።»

እንዲህ ሆኖ ጫማ አስረገዘኝ። ቡናማ፣ ሹል፣ አፍንጫው የተላጠ ጫማ ደጃፌ ላይ ይቆማል፣ አልጋዬ ሥር ይታያል፣ ኋላም ኮረኮንቹን እየረገጠ ይሄዳል። ያኔ ሳቅኩ። ኋላ ሳስበው ግን ባየኋቸው ፊልሞች ሁሉ አባትየው ከጫማ የበለጠ ድርሻ የለውም፤ የይበልጣል ፊልም ቢያንስ ጫማውን አሳይቷል። ጫማው የራሱ የይበልጣል መሆኑንና በየሥራ ቀኑ የሚያደርገው እሱኑ መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ነርሷም እንዲሁ ቸገረች። ይበልጣል እውነተኛ ነርስ ፍለጋ ሄዶ ተገሥጾ ተመለሰ። «እኛን ሁልጊዜ ማስቲካ የምታስኝኩን ለምንድን ነው?» ብላዋለች አንዷ። «ቆመን የምናዋልደውን አንድ ቀን ቀርጻችሁት ታውቃላችሁ?» እሱም የሰንበት ትምህርት ቤቱን ገንዘብ ያዥ እትዬ ሙሉን ነጭ ጋወን አለበሳቸው። እትዬ ሙሉ ደግሞ ክፋት የሚባል ነገር አልተሰጣቸውም። «ቶሎ በይ፣ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው!» ብለው ሊጮኹብኝ ሲገባ ፊቴን ያዩና «አይዞሽ የኔ እናት፣ በልተሻል?» ይላሉ።

«ቁም! ቁም!» ይላል ይበልጣል። «እትዬ ሙሉ፣ እርስዎ ክፉ ነዎት እኮ!»

«አውቃለሁ ልጄ። ግን እያት እስቲ፣ ከንፈሯ እንዴት እንደደረቀ!»

ደጋግሞ ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ ታክቶት እንዳለ ተወው። በእኔ እምነት የፊልሙ ትልቁ ቦታ እሱ ነው። በብርድ ልብሴ ውስጥ ካየኋቸው ልጆች ሁሉ አንዷንም እንኳ በልተሻል ወይ ያላት ሰው አልነበረም።

ሌላውን ባጭሩ ልበለው። እንባ እምቢ አለኝ፤ ሽንኩርት ተሞክሮ ሳይሳካ ቀረና በርበሬ ስትቀነጥስ የዋለች አንዲት ዘማሪ ዓይኔን በጣቷ ነካ አደረገችኝ። የቡሬን በርበሬ የሚያውቅ የቀረውን ያውቃል። ሕዝቡ ጸጸት ብሎ ያየው እንባ ቡሬ የበቀለ ነው። ነጎድጓዱ አንድ ቅጠል ቆርቆሮ ነው። ለድምፅ የተጠሩት ሕፃናት ሥራውን በሳቅ ስላበላሹት «እማዬ!» የሚለው ድምፅ ይበልጣል ጉሮሮውን አቅጥኖ ያወጣው ነው። በፊልሙ ስሜ ቤዛዊት እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን «ቤዛዊት!» ሲሉኝ ማን እንደተጠራ ለማየት ወደ ኋላ እየዞርኩ ስላስቸገርኩ በገዛ ስሜ እንድጠራ ተወሰነ። በመጨረሻም ይበልጣል ፊልሙ መጀመሪያ ላይ በትልቁ «ይህ ታሪክ በእውነት የተፈጸመ ነው» ብሎ ጻፈበት።

«ግን አልተፈጸመም እኮ» አልኩ በቀስታ።

«አንድ ቦታማ ተፈጽሟል» አለኝ።

ለአባቴ ምንም አልነገርኩም። አባቴ አያ አላምነህ ገበሬ ናቸው፤ አገራቸው ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያለነው እኔ ለእሳቸው፣ እሳቸው ለእኔ ነን። ዝምታውን ያወረሱኝ እሳቸው ናቸው፤ ሁለታችን ስንገናኝ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የበሬዎቹ ማመስኳት ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ መንገድ ድረስ ሸኙኝና አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፦ «አንገቴን እንዳታስደፊኝ።» በዚህ ዓለም ላይ የምፈራው ነገር ብዙ ነው፤ ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን እሱን ነው።

ስለዚህ ፊልማችን በቡሬና በአባቴ አገር መካከል ባለ አንድ የገጠር ደብር ይታይ ሲባል ከአባቴ ቤት ያለውን ርቀት በልቤ ለካሁ። በሰሞኑ ግርግር ሲዘጋ የከረመው መንገድ ክፍት የሆነባት ሳምንት ነበረች፤ ይበልጣል ሳይዘጋ እንድረስ ብሎ አጣደፈን። ደግነቱ የአባቴ ደብር ከወንዙ ማዶ ነው። ፊልሙ ካለፈ በኋላ፣ በማግስቱ ሄጄ ቀስ ብዬ ራሴ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተጽናናሁ። ስልክ እንደሆነ በዚያ ሰሞን ገጠር አይሠራም።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ታጨቀ። መስኮቱ በጋቢ ተሸፈነ፣ ጄኔሬተሩ ከኋላ በሩ ደፍ ላይ ተነሳ፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ተወጠረ። እኔ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ከጄኔሬተሩ ጎን ተቀመጥኩ። የከተማ ሰው ፊልም ሲያይ ዝም ይላል፤ ይህ ሕዝብ ግን ዝም ብሎ የሚያይ አልነበረም።

«አንቺ ልጅ፣ ተይ በር አትክፈችለት!»

«ከፈተች! ወይኔ እናቴ!»

«ሰውየው የታለ? ፊቱን አሳዩን እንጂ!»

«ይኸ ጫማ ባለቤት የለውም?»

ጫማው ኮረኮንቹን እየረገጠ ሲሄድ አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ያዙት!» አሉ። ሰው ሁሉ ጫማውን እየረገመ ሳለ አንዲት ሴት ፊቷን ወደ ኋላ መለሰች። ቀጥሎ አጠገቧ ያለችው። ቀጥሎ ሁሉም። ይበልጣል ከአንሶላው ብርሃን ፊት ለፊት፣ እግሮቹን አንፈራጥጦ፣ ያንኑ ጫማ ተጫምቶ ቆሟል። ሲያዩት እግሩን ከጄኔሬተሩ ኋላ ለመደበቅ ሞከረ፤ ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰው።

ክሊኒኩ መጣ። እትዬ ሙሉ «በልተሻል?» ሲሉኝ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እማዬ!» ሲል የይበልጣል ቀጭን ድምፅ፣ እመኑኝ፣ ማንም አልሳቀም፤ እኔም ራሴ ማን እንደሆነ እያወቅሁ አለቀስኩ። ጽዱ ሥር ስወድቅ፣ በሁለተኛው ሞቴም ያልማረኝ ጉንዳን እግሬን ሲያስወራጨኝ ይታያል። «ነፍሷ ስትወጣ ነው» አሉ ከፊቴ ያሉ ሰው። በዚያች ቅጽበት አንድ ረጅም ሽማግሌ ሰውን እየገፉ ወደ ውጪ ወጡ። ፊልሙ አስጠልቷቸው መሰለኝ።

ሕዝቡ ዓይኑን እየጠረገ ሲወጣ ነጠላዬ ጄኔሬተሩ ላይ ተያዘና ፊቴ ተገለጠ። አጠገቤ የነበሩት ባልቴት እማማ ጠጄ ደረታቸውን ያዙ።

«ኧረግ! አለች እንዴ! ሰዎች፣ ኑ፣ ልጅቷ አልሞተችም!»

«እማማ፣ ፊልም እኮ ነው» አልኩ።

«አዎን ልጄ፣ ፊልም ነው። አየነው።»

«ማለቴ… እኔ አይደለሁም።»

«አይ ሆዴ» አሉ ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ሰው ፊት ካወጣሽው በኋላ መደበቅ ምን ያደርጋል? የማን ልጅ ነሽ?»

የማን ልጅ ነሽ ስባል መልስ መስጠት ከሕፃንነቴ የተማርኩት ነው። «የአያ አላምነህ» አልኩ። አባቴንም አገራቸውንም አወቋቸው። ከዚያ ሴቶቹ ከበው ሲስሙኝ፣ ሲመርቁኝ፣ ሲያለቅሱልኝ፣ ለማስረዳት አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንዷ ደረቷ ላይ ስትለጥፈኝ፣ መኪናችን ጥሩንባ ነፍቶ ይዞኝ ሄደ።

ሕዝቡ ሞኝ እንዳይመስላችሁ። ኋላ እንደሰማሁት የደብሩ መሪጌታና ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው በሚገባ ተመካክረዋል። ነገሩ በእውነት የተፈጸመ ነው ተብሎ ተጽፏል። ልጅቷ በገዛ ስሟ ተጠርታለች። ጫማው ከነባለቤቱ ታይቷል። መሪጌታም እንዲህ አሉ፦ «እንኳን በሕዝብ ፊት፣ ለንስሐ አባት መናገር እንኳ ስንቱን ያሳፍራል። ይቺ ልጅ ኃጢአቷን አደባባይ ያወጣችው ሽማግሌ አጥታ ነው። እኛ አይተን ዝም ካልን ያየነው በእኛ ይቆጠራል።» እስቲ የቱ ላይ ተሳሳቱ? እኔ ከይበልጣል ፊልም ይልቅ ይህን ፍርድ አደንቃለሁ።

እኛ ቡሬ አደርን። ጠዋት ወደ አባቴ ልሄድ ስነሣ፣ የገበያ ቀን ነበርና፣ እማማ ጠጄን ዶሮ ይዘው መንገድ ላይ አገኘኋቸው።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። «ሽማግሌዎቹ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሥተዋል። እስካሁን አባትሽ ቤት ደርሰዋል። ድንጋዩንም አያ ፈንቴ ተሸክሞልሻል።»

በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይቆማል። እኔ ያልበደልኩትን፣ የማላውቀው ሰው ተሸክሞልኝ፣ ምንም ወደማያውቁት አባቴ ሄዷል። የአባቴን አንገት አሰብኩ። ዶሮዋ ላይ ልወድቅ ነበር።

ይበልጣል «እኔ አስረዳለሁ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት» ብሎ አብሮኝ ተነሣ፤ ሰው እንዳያውቀው የእትዬ ሙሉን የላስቲክ ጫማ ተውሶ ተረከዙ በኋላ ወጥቶ ይጎተታል። በባጃጅ እስከ መንገዱ ጫፍ፣ ከዚያ በእግር ወደ ታች ሮጥን። የአባቴ አጥር ጋ ስደርስ ትንፋሼ ስላለቀ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። በእንጨቱ መሐል ግቢው ይታያል። መሪጌታ መስቀል ይዘው ቆመዋል፤ ከጎናቸው ትናንት ከፊልሙ ወጥተው የሄዱት ረጅሙ ሽማግሌ በማጅራታቸው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክመው አጎንብሰዋል። አያ ፈንቴ ማለት እሳቸው ኖረዋል። አባቴ ደጃፋቸው ላይ ናቸው። መሪጌታ ነገሩን ተናግረው መጨረሻው ላይ ደርሰዋል።

«…እንግዲህ አያ አላምነህ፣ ልጅህ በድላለች። አልሸሸግንህም። እኛም ስለ እመቤታችን ብለህ ማራት ልንል መጥተናል። ካልማርካት አንቀመጥም።»

አባቴ ዝም አሉ። የእሳቸውን ዝምታ ከልጅነቴ ጀምሮ ማንበብ እችላለሁ፤ ያን ቀን ግን ፊደሉ ጠፋኝ።

«በሕይወት አለች?» አሉ በመጨረሻ።

«አለች። ትናንት አይተናታል። ከስታለች እንጂ ደህና ናት።»

(አልከሳሁም። ግን ይሁን።)

«ማን ነበረ አብሯት የሄደ?»

«ማንም። ብቻዋን ነው የሄደችው። አንዲት ነርስ ናት በልተሻል ወይ ያለቻት።»

አባቴ መሬት መሬት አዩ። «እናት የላት» አሉ። «ወደ እኔስ እንዴት ትምጣ? አንገቴን እንዳታስደፊኝ ብዬ የሰደድኳት እኔ። ልጅ ያን ያህል የፈራችው አባት አለ?» ከዚያ ተራመዱና ድንጋዩን ከአያ ፈንቴ ማጅራት ላይ አነሡ። ይጥሉታል ብዬ ስጠብቅ በገዛ ማጅራታቸው ላይ አኖሩት። «እኔን አስታርቁኝ» አሉ።

«ብርሃኑ እንዴት ጥሩ ነው!» አለ ይበልጣል ከጎኔ በሹክሹክታ፣ እጁን ወደ ስልኩ እየሰደደ።

ክርኔን ጎኑ ላይ የቀመሰው ያን ጊዜ ነው። አጥሩን ከፍቼ ገባሁ፤ እሱም ጎኑን ይዞ ተከተለኝ። መሪጌታ ባዩት ጊዜ መስቀላቸውን ቀሰሩ።

«ይኸው! ይኸው ጫማው!»

አባቴ ከነድንጋያቸው ቀና ብለው ይበልጣልን አዩት። እንደዚያ ሲያዩ አይቼ አላውቅም። በሬዎቹም ማመስኳታቸውን ያቆሙ መሰለኝ።

«እኔ አዘጋጁ ነኝ!» አለ ይበልጣል እየተንተባተበ።

«የምኑ አዘጋጅ?»

«የዚህ ሁሉ!»

ሌላ ቃል ከመጨመሩ በፊት ደረስኩለት። እንዲህ በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። «አባዬ፣ አላረገዝኩም! አላስወረድኩም! አልሞትኩም! ጫማው ለፊልም ነው። ነጎድጓዱ ቆርቆሮ ነው። እንባው በርበሬ ነው። ሕፃኑ እሱ ነው!» ወደ ይበልጣል ጠቆምኩ። እሱም ለማስረጃ ብሎ ይመስለኛል፣ ጉሮሮውን አቅጥኖ «እማዬ!» አለ።

ከዚያ መሪጌታ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። አባቴ ድንጋዩን መሬት ላይ ጥለው ከጎኑ ቁጭ አሉና እናቴ ከሞተች ጀምሮ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቁ። «አይ አንቺ ልጅ!» ይላሉ፣ ያቆማሉ፣ ይበልጣልን ያያሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። እጄን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡኝ፤ አልለቀቁኝም።

ያልሳቁት አያ ፈንቴ ብቻ ነበሩ። ጎንበስ ብለው አባቴ የጣሉትን ድንጋይ አነሡና መልሰው ተሸከሙት።

«አያ ፈንቴ፣ አለቀ እኮ» አሉ መሪጌታ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «አውርደው። ፊልም ነው።»

«የእኔዋ ፊልም አይደለችም» አሉ አያ ፈንቴ።

ሳቁ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። መሪጌታ አንገታቸውን ነቀነቁ። ነገሩን ሰበካው ሁሉ ያውቀዋል፤ የማናውቅ እኛ ብቻ ነበርን። የአያ ፈንቴ ልጅ ውባለም እኔ በፊልም የሆንኩትን፣ ከሞቱ በቀር፣ በዕውን ሆናለች። እሳቸውም ደጄን አትርገጪ ብለዋት፣ ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ምግብ ቤት ተቀጥራ ትኖራለች። መሪጌታ ስንት ጊዜ ሊያስታርቁ ሄደው አያ ፈንቴ እምቢ ብለዋቸዋል።

«ታዲያ የዚችን ልጅ ድንጋይ እኔ ካልተሸከምኩ ያልክ ምን ሆነህ ነው?» አሏቸው መሪጌታ።

«ለሰው ልጅ ስሸከም ይለመደኛል ብዬ» አሉ አያ ፈንቴ። «ትናንት ይቺ ልጅ ጽድ ሥር ስትወድቅ ማየት አቃተኝና ወጣሁ። ውጪ ቆሜ ሳለሁ ጠጄ አልሞተችም ብላ ስትጮህ የሰማሁት የውባለምን ነው የመሰለኝ። በሕይወት አለች ወይ ብዬ እኮ ጠይቄ አላውቅም። ይኸ ሰው ከሁሉ ፊት የጠየቀው እሱን ነው።» ወደ አባቴ በአገጫቸው ጠቆሙ፤ እጃቸው ድንጋዩን ይዟል።

አባቴ ቤት ገብተው ጋቢያቸውን ለብሰው ዱላቸውን ይዘው ወጡ። «ተነሡ» አሉ። «ገበያው ሳይበተን እንድረስ።»

መንገዱ ጫፍ ላይ ያገኘነው ባጃጅ ነጂ ሽማግሌዎቹን፣ እኔን፣ ይበልጣልንና ድንጋዩን አይቶ ራሱን አከከ። «አባቶቼ፣ ቡሬ ድንጋይ ሞልቷል እኮ። እዚያው ብታነሡ ምናለ?»

«ይኸ የተጀመረ ነው» አሉት አባቴ።

ድንጋዩ የኋላውን ወንበር ግማሽ ያዘ፤ ሽማግሌዎቹ በተረፈው ላይ ተደራረቡ፣ እኔ አባቴ ጉልበት ላይ ሆንኩ፣ ይበልጣል ከነጂው ጎን በአንድ እግሩ ተንጠለጠለ። የእትዬ ሙሉ አንደኛው ጫማ መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ። ጥቂት እንደሄድን መሪጌታ ከኋላ ጮኹበት።

«አንተ ልጅ! ለምን ገደልካት?»

«እ… ኃጢአት ስለሆነ ነው የኔታ። በሌሎቹም ፊልሞች ትሞታለች።»

«ኃጢአትማ ነው። ግን የሞተች ልጅ በየት በኩል ንስሐ ትገባልሃለች?»

ይበልጣልን ልወቅሰው አልፈልግም። ቆርቆሮና ቀጭን ድምፅ ይዞ የተነሣ ሰው፣ ስንት ሽማግሌ ያላነሣቸውን አባት በባጃጅ ጭኖ ሲወስድ አይቻለሁና።

ምግብ ቤቱ በገበያተኛ ተሞልቷል። ውባለም በሁለት እጇ ትሪ ይዛ ከማዕድ ቤት ስትወጣ አባቷን በሩ ላይ አየች። አያ ፈንቴ መሪጌታ መንገዱን ሙሉ ያስጠኗቸውን ንግግር ረስተውታል። ድንጋዩን ተሸክመው፣ ፊታቸው በላብ ርሶ ቆሙ። የሚበላው ሰው እጁን ሰበሰበ። የይበልጣል ስልክ ኪሱ ውስጥ ነበረ።

ልጅቷ ትሪውን ቅርቧ ያለ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ደጋግማ ጠረገች።

«አባባ» አለች። «በዚህ ፀሐይ ይህን ተሸክመው መጡ?»

«ባጃጅ አለ» አሉ አያ ፈንቴ።

ቀረብ ብላ ድንጋዩን ከማጅራታቸው ላይ አነሣችው። የት እንደምታኖረው ግራ ገባትና ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ በሁለት ክንዷ ታቅፋው፣ እንባዋ እየወረደበት ቆመች። አያ ፈንቴ ካጎነበሱበት ቀና አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪው ልጄ» አሏት። «ብቻሽን ይከብድሻል።»